ውሻዬ ግራ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቤት ያለውን የአባቴን ጠብታ ላድርግለት?

የመቻል ቤት · መስከረም 8፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ተጨንቄ ነው የምጽፈው። መቻል የሚባል ውሻ አለን። የአበሻ ውሻ ነው፣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ስወጣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘሁት። እንባው ጉንጩ ላይ ወርዶ ፀጉሩን አርሶታል። ቀስ ብዬ ልከፍተው ስሞክር ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሸሻል። በመዳፉ እያሸ ነው የዋለው። አንዳንዴ ከፈት ሲያደርገው ነጩ ክፍል ደም መስሏል። ቀኝ ዓይኑ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጭራውንም ይቆላል።

የምንኖረው ጀሞ ነው። ከጎናችን ቤት እየተሠራ ስለሆነ የሲሚንቶው አቧራ ግቢያችን ይገባል። ትናንት ደግሞ ከኋላችን ባለው ባዶ ቦታ ሳር ውስጥ ሲሯሯጥ ነው የዋለው።

አባቴ ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። የተረፈ ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ላዩ ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል፤ ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለ ነው። ጎረቤታችን «ለዓይን ቅላት እሱን የመሰለ የለም» አለችኝ። ላድርግለት? ወይስ ቴትራሳይክሊን ይሻላል? ልጄ እያለቀሰች ነው። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሼፐርድ ወዳጅ · ከምሽቱ 2:24

አይዞሽ እህቴ። እኔ አድርጊለት ነው የምለው። የእኔ ጀርመን ሼፐርድ ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው፣ ጥቁሩን እንደ ሥጋ ያለ ነገር እየሸፈነው ሄዶ ነበር። ሐኪም ያዘዘለት ዴክሳሜታዞን ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለውጡ በደንብ ታየ። እስካሁንም አላቆምንም። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አትፍሪው።

ጋሽ ጡረታ · ከምሽቱ 2:31

ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚወሰድ ውሻ አልነበረም። ሻይ ቅጠል አፍልተን፣ ሲቀዘቅዝ በጥጥ እንጠርግለት ነበር። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ዓይኑ ይነጣል። የነጣው ለምን እንደነጣ የሚነግረን አልነበረም። እኔ የሚያውቅ ሰው እስኪመልስልሽ ምንም ባታደርጊ ይሻላል እላለሁ።

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከምሽቱ 2:48

እህቴ፣ የአባትሽን ጠብታ እንዳታደርጊ። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከውሻና ከድመት ጋር ነው። ውሻ ዓይኑን የሚጨፍነው ሲያመው ነው። ቀልቶ የተከፈተ ዓይንና ቀልቶ የተጨፈነ ዓይን ለየቅል ናቸው። ከተጨፈነና ካነባ፣ ያውም አንዱ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኮርኒያው መጫሩን ወይም መቁሰሉን ነው። ኮርኒያ ከፊት ለፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የጠራው ክፍል ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎንና ሃይድሮኮርቲዞን ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ቅላቱን ያጠፉታል። ቁስሉን ግን እንዳይድን ይይዙታል፤ ተዋስያንም እንዲበረቱ ያደርጋሉ። ዓይኑ ላዩን የተሻለው ይመስላል፣ ቁስሉ ግን ወደ ውስጥ ይጠልቃል። በጥቂት ቀን ውስጥ የተበሳ ዓይን አክሜያለሁ። ባለቤቶቹ ክፉ አስበው አልነበረም። እንዳንቺው ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ነው የተጠቀሙት።

ሼፐርድ ወዳጅ የተናገረው እውነቱን ነው። የእሱ ውሻ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ማድረግ የምትችይው ማጠብ ነው። ፋርማሲ ክፍት ከሆነ ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ንጹሕ የጨው ውሃ፣ ግዢ። ሰው ያግዝሽ። ውሻ ሲያመው የሚወደውንም ሰው ይነክሳልና አፉን በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ እሰሩት፤ መተንፈስ መቻሉን እዩ። ሳላይኑን መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ቀድተሽ ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው አቅጣጫ ቀስ እያልሽ አፍስሺ። በኃይል አትግፊው፣ ጫፉንም ዓይኑ አታስነኪ። ሲሚንቶ ወይም ኖራ ገብቶ ከሆነ እንደ ተራ አቧራ አትዪው፤ እነሱ ያቃጥላሉ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ አለብሽ። ሳላይን ካጣሽ ንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ሳላይን ፍለጋ ብለሽ አትዘግዪ።

ከዚያ የሞባይልሽን መብራት ከጎን አብርተሽ እዪና ንገሪኝ። ጥቁሩ ላይ ጭጋግ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ? የሁለቱ ዓይኖች ብሌን እኩል ነው? ዓይኑ ከሌላው ያበጠ ወይም የወጣ ይመስላል? ፈሳሹስ ውሃ ነው ወይስ ዓይናር?

ፋርማሲስቷ · ከምሽቱ 3:02

ዶክተር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ፣ ፋርማሲ ስትሄጂ «ግሉኮስ» ብለሽ እንዳትጠይቂ። እኛ አገር ማንኛውንም በከረጢት የሚሰጥ ፈሳሽ ግሉኮስ እንለዋለን፤ ስለዚህ የስኳሩን ሊሰጡሽ ይችላሉ። «ኖርማል ሳላይን፣ ዜሮ ነጥብ 9» በይ። ላዩን ራስሽ አንብቢው። የኮንታክት ሌንስ ማጠቢያም ሳላይን አይደለም፤ ውስጡ የሚያጸዳ ኬሚካል አለበትና ዓይን ያቃጥላል። ለሰው የሚሸጡት ቅላት የሚያጠፉ ጠብታዎችም ለውሻ አይሆኑም። ውሻ ጠርሙሱን ቢያኝከው እስከ መመረዝ ይደርሳል።

የመቻል ቤት · ከምሽቱ 4:20

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳላይን አገኘን። ባለቤቴ ያዘው፣ እኔ አጠብኩት። መጀመሪያ ታገለን፣ በኋላ ግን ዝም አለ። የቀዘቀዘለት መሰለኝ። በመብራት አየሁት። ከታች፣ ወደ አፍንጫው በኩል፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ አለ። ከዚያው ጥግ ሮዝ መጋረጃ የመሰለ ነገር ወጥቶ ዓይኑን በከፊል ሸፍኖታል። ደነገጥኩ። ብሌኑ ከቀኙ ትንሽ ጠበብ ያለ ይመስላል። ዓይኑ አላበጠም። የሚወጣው ውሃ ነው፣ ዓይናር የለውም።

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከምሽቱ 4:35

ጎበዝ፣ በደንብ ነው ያየሽው። ሮዙ መጋረጃ አያስደንግጥሽ። ውሻ ሦስተኛ የዓይን ቆብ አለው። ከውስጠኛው ጥግ ይወጣል፤ ዓይኑ ሲታመም ራሱን የሚሸፍነው በእሱ ነው። የብሌኑ መጥበብም ሕመሙ ወደ ውስጥ መሰማቱን ነው የሚያሳየው። ነጠብጣቡ ቁስል ይመስለኛል።

ነገ ጠዋት ውሰጅው። ስትደርሺ አንድ ነገር ጠይቂ፤ «ቀለም ይደረግለት» በይ። ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወረቀት ነው። ዓይኑ ላይ አስነክተው ሲያጥቡት፣ ቁስል ካለ ቦታው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞም ከቆቡ ሥር እንዲያዩለት ንገሪያቸው። መስከረም ነው፣ ሳሩ አድጎ ፍሬ ይዟል።

ቴትራሳይክሊን ብለሽ ነበር። በትራኮማ ምክንያት እኛ አገር የማያውቀው ቤት የለም። ስቴሮይድ ስለሌለበት የዴክሳውን ያህል አያሰጋኝም። ነገ ሐኪም የምታሳዪ ከሆነ ግን ዛሬ አትቀቢው፤ ቅባቱ ዓይኑን ስለሚሸፍን ምርመራውን ያስቸግራል። ሐኪም ሁለት ሦስት ቀን ለሚርቀው የገጠር ሰው መልሴ ይለያል። ዓይኑ የተበሳ እስካልመሰለ ድረስ፣ አጥቦ እሱን እየቀባ ይምጣ እላለሁ።

ማታ እንዳያሸው አድርጊ። አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ካለሽ ቂጡን ቁረጪና በአንገቱ አስገቢለት። ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልይው። አንድ ሌሊት ሲያሽ ካደረ ትንሹ ጭረት ትልቅ ቁስል ይሆናል።

የመቻል ቤት · መስከረም 9፣ ከቀኑ 9:15

ከሐኪም ተመለስን። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ዓይኑን ሳይከፍቱ መርፌ ሊወጉት ነበር። ቀለም ይደረግለት ስላቸው የለንም አሉ። እንዳትቀየሙኝ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ ቀለሙ ነበራቸው። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉለት፤ ወዲያው ዓይኑን ከፈተ። ከዚያ ቀለሙን አድርገው መብራት ሲያጠፉ፣ አረንጓዴ መስመር እንደ ሚስማር ጭረት ቁልጭ ብሎ ታየ። እኔም አየሁት።

ሐኪሟ ሦስተኛውን ቆብ በቀጭን መቆንጠጫ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የሳር ፍሬ ወጣ። ጭጎጎት የሚመስል፣ ጫፉ ሹል፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ። ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር እሱ ነበር የሚጭረው። ያን ሁሉ ሳላጥበው ባድር ብዬ አሰብኩ፤ ማጠቡ ግን አላወጣውም ነበር። የዴክሳውን ጠብታ አድርጌለት ቢሆን ኖሮ ቅላቱ ጠፍቶ፣ ፍሬው እዚያው ተቀምጦ ዓይኑን ይበላው ነበር።

አንቲባዮቲክ ጠብታ በቀን አራት ጊዜ፣ አትሮፒን የሚባል ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘለት። ለሕመሙም ለውሻ የሚሆን ኪኒን ሰጡን። በሦስተኛው ቀን ተመልሰን እንመጣለን። ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከቀኑ 10:40

እሰይ! በጣም ደስ ብሎኛል። በሁለቱ ጠብታዎች መካከል አምስት ደቂቃ ያህል ቆይ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ኪኒኑ ቢያልቅብሽ የሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው። የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

የመቻል ቤት · ከምሽቱ 2:05

ዶክተር! እባክዎ ይመልሱልኝ። ጠብታውን ካደረግኩለት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አፉ አረፋ ደፈቀ። ምራቁ ይዝረከረካል። ባለቤቴ ልጆቹን ወደ ቤት አስገብቷቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ይሆን? በየዓመቱ ይከተባል።

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከምሽቱ 2:11

ተረጋጊ። የትኛውን ጠብታ ነው ያደረግሽለት? አትሮፒኑን ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። የዓይን ጠብታ በእንባ ቧንቧ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል። አትሮፒን እጅግ መራራ ነው፣ ውሻውም መራራውን ሊተፋ ነው አረፋ የሚደፍቀው። ውሃ ስጪው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይተወዋል። ከነገ ጀምሮ ጠብታውን እንዳደረግሽ የሚወደውን ነገር አጉርሺው።

ያልተከተበ ውሻ፣ ወይም የመንገድ ውሻ፣ ያለ ምንም ጠብታ ምራቁ ቢዝረከረክ፣ ድምፁ ቢለወጥ፣ ጠባዩ ቢቀየር ግን ዓይኑንም አፉንም አትንኩ። ሁላችሁንም ነው የምለው። ዓይኑ የታመመ የመንገድ ውሻ ስታዩ አንጀታችሁ እንደሚላወስ አውቃለሁ። ነክሷችሁ እንደሆነ ወይም ምራቁ ቁስላችሁን ነክቶ እንደሆነ፣ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። አትዘግዩ።

የመቻል ቤት · ከምሽቱ 2:30

አትሮፒኑ ነበር። አሁን ትቶታል፤ ተኝቷል። ልጄ አጠገቡ ቁጭ ብላለች።

ከቨርጂኒያ · መስከረም 10፣ ከሌሊቱ 7:50

እንኳን ተረፈ። ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ የእኔን ልጻፍ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሺ ዙ የሚባል ዘር ውሻ አለችኝ። በየፀደዩ የአበባ ብናኝ ሲነሳ ዓይኗ ያነባ ስለነበር አለርጂ ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ግን ውሃው ቀርቶ ወፍራም፣ ቢጫ አረንጓዴ ዓይናር መጣ። ጠዋት ቆቧ ተጣብቆ ታድራለች። አንቲባዮቲክ ስቀባት ይሻላታል፣ ሳቆም ይመለሳል። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ቆየን።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ቀጭን ወረቀት ቆቧ ውስጥ አስገብታ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ወረቀቱን ያራሰው እንባ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ጤነኛ ውሻ 15 እና ከዚያ በላይ ማራስ አለበት አለችኝ። የእኔ ልጅ እንባ አልነበራትም! ዓይናሩ የደረቀው ዓይን ራሱን የሚያረጥብበት ነበር። አሁን ሳይክሎስፖሪን ቅባት ጠዋትና ማታ እቀባታለሁ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ነው። ዓይኗ እንደገና ያበራል። ያን አምስት ወር ሳስበው ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

የቦሌዋ · ከረፋዱ 4:15

ቨርጂኒያ ያለሽው እህቴ፣ የእኔም ውሻ መጨረሻው እዚያ ነው የደረሰው፣ በሌላ መንገድ። ቡችላ እያለ ከውስጠኛው ጥግ ቀይ እብጠት ወጣበት። ትንሽ የቲማቲም ፍሬ ነው የሚመስለው። አያምም፣ ግን ያስቀይማል። አንድ ባለሙያ «ዕባጭ ነው፣ ይቆረጣል» ብሎ ቆረጠው። ወዲያው አማረበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይኑ ደረቀ። ያ እብጠት እንባ የሚያመነጭ እጢ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዶክተር፣ ትክክል ነኝ?

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከረፋዱ 5:30

ትክክል ነሽ፣ እህቴ። እጢው ከሦስተኛው ቆብ ሥር ነው ያለው። ከዓይን እንባ ሲሶ ያህሉ የሚመጣው ከእሱ ነው። ከቦታው ሲወጣ ተመልሶ በስፌት ይያዛል እንጂ አይቆረጥም። አፍንጫቸው አጭር በሆኑት ዘሮች ላይ ብዙ ይታያል። ይሄን አሁንም ቆርጠው የሚጥሉ አሉ፤ እሱ በጣም ያሳዝነኛል። «ይቆረጥ» የሚል ከገጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ሼፐርድ ወዳጅ · ከቀኑ 7:10

ዶክተር፣ እኔን ረሱኝ እንዴ? ማታ «አድርጊ» ያልኩት በቅንነት ነበር። አሁን ሳነበው ሰውነቴ ራደ። ያ ውሻ በእኔ ምክር ዓይኑን ቢያጣስ? የእኔን ውሻ ግን ያዳነው መድኃኒት እንዴት ሌላውን ያጠፋል?

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከቀኑ 8:45

አልረሳሁህም፣ ወንድሜ። የአንተ ጥያቄ የዚህ ሁሉ ጨዋታ ዋናው ነው።

የውሻህ ሕመም ፓነስ ይባላል። ጀርመን ሼፐርዶች ላይ ይበዛል። የውሻው የራሱ መከላከያ ነው ኮርኒያውን የሚያጠቃው። ብዙ ጊዜ ከውጭው ጠርዝ ይነሳል፤ ሮዝ ሥጋ መሰል ነገር ወደ መሀል ይገባል። ሁለቱንም ዓይን ይይዛል። ውሻው ግን ዓይኑን አይጨፍንም፣ ብዙም አያመውም። የፀሐይ ጨረር ያባብሰዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ስለሚበረታ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ላይ ለሚኖሩ ሼፐርዶች ከባድ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ቢውልልህ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ስቴሮይድ ነው፤ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ የአንተ ሐኪም ትክክል ነው።

የመቻል ደግሞ ቁስል ነው። ሁለቱም ዓይን «ቀላ» ነው የሚባለው። መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። የሚለያቸው ያ ብርቱካናማ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው ሰው በስልክ ደውሎ «ዓይኑ ቀልቷል፣ ምን ላድርግለት?» ሲለኝ ሳላይ የጠብታ ስም የማልነግረው። ለአንተም የምለው አለኝ። ውሻህ አንድ ቀን አንዱን ዓይኑን በድንገት ቢጨፍን፣ የለመድከውን ዴክሳ አቁምና መጀመሪያ ቀለም አስደርግለት። ፓነስ ያለበት ውሻም ይቆስላል።

ሼፐርድ ወዳጅ · ከቀኑ 9:00

ገብቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። የመቻል ቤት፣ ይቅርታ እህቴ።

የመቻል ቤት · ከቀኑ 9:20

ኧረ ምን በወጣህ! ልትረዳኝ ብለህ ነው።

ከአርባ ምንጭ · መስከረም 11፣ ከጠዋቱ 1:40

እዚህ በኛ በኩል ሌላም ነገር አለ። መርዝ የሚተፋ እባብ። ውሻ እባብ ሲያይ ፊት ለፊት ይጋፈጣል፣ እባቡ ደግሞ ዓይን ላይ ነው የሚያነጣጥረው። ያለፈው ዓመት ውሻችን ከጓሮ እየጮኸ መጣ። ሁለቱም ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ፊቱን መሬት ላይ ያሻል። አባቴ ሐኪም አልጠራም፤ መጀመሪያ ከቧንቧ ሥር አስተኝቶ ውሃውን ቀስ አድርጎ ለቀቀበት። ሩብ ሰዓት ያህል አፈሰሰበት። ከዚያ ነው ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ የወሰድነው። ሐኪሙ «ውሃው ነው ያተረፈው» አለን። ዛሬ በሁለቱም ያያል።

ጋሽ ጡረታ · ከጠዋቱ 2:25

አባትህ ብልህ ሰው ናቸው። እኔም አንድ ልጨምር። በበርበሬ ጊዜ ውሻችሁን ከሙቀጫው አርቁ። ከዓመታት በፊት ባለቤቴ በርበሬ ስታስወቅጥ ውሻችን አፍንጫውን ወደ ሰፌዱ ሰደደ። ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እኛም ቅቤ ቀባነው። ያበርድለታል ብለን።

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከጠዋቱ 3:10

ጋሼ፣ አስበው ያደረጉት ነው። ግን ቅቤውም፣ ሎሚውም፣ ማሩም፣ ጤና አዳሙም ዓይን ውስጥ አይግቡ። የበርበሬው ማቃጠል በውሃ ቶሎ አይለቅም፣ ስለዚህ ማጠቡን ደጋግሞ ማስረዘም ነው። በረኪናም፣ ሲሚንቶም፣ የእባብ መርዝም ቢሆን መጀመሪያው አንድ ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ረጅም ጊዜ፣ ከዚያ ሐኪም።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «የትኛው ነው እስከ ነገ የሚቆየው?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚህ ልመልስ። ነፋስ ወይም ጭስ ነክቶት ትንሽ ቀልቶ፣ ውሃ መሰል እንባ እያወጣ፣ ግን ወለል አድርጎ ከፍቶ የሚያይ ዓይን አንድ ቀን ይጠብቃል። እጠቡት፣ ከጭሱ አርቁት። ብዙው በማግስቱ ይሻለዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ከዋለ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ይታይ።

በዚያው ሌሊት የሚወሰዱ አሉ። ዓይኑ አብጦ ከሌላው የገዘፈ፣ ብሌኑ ሰፍቶ በመብራት የማይጠብ፣ ጥቁሩ ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰ ከሆነ የዓይን ውስጥ ግፊት ነው። ግላኮማ ይባላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብርሃኑን ያጠፋዋል። ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ሕመም ያስጮኸዋል፤ ውሻ ግን ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ምግብ ይተዋል። ዓይኑ ከቦታው የወጣም አለ። ይሄ ከመኪና አደጋና ከውሻ ጠብ በኋላ፣ በተለይ ፔኪኔዝና ፓግ በሚባሉት ዘሮች ላይ ይሆናል። እንዳትገፉት። ንጹሕ ጨርቅ በሳላይን አርሳችሁ ሸፍኑና ሩጡ። ዓይኑ ውስጥ ደም የታየበት ውሻም አይደር። መዥገር የሚያመጣቸው በሽታዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ያኔ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ማስመርመር ያስፈልጋል።

ቡችላ ሆኖ ሁለቱም ዓይኖቹ መግል ከያዙ፣ አፍንጫውም ከፈሰሰ፣ ካሳለም ደግሞ ነገሩ የዓይን ላይሆን ይችላል። ዲስቴምፐር የሚባለውን የውሾች ተላላፊ በሽታ ነው የምጠረጥረው። ከሌሎች ውሾች ለዩት። መከላከያው ክትባት ነው።

ማየቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ነገር አለ። ትንሽ ጥጥ ፊቱ ላይ ከላይ ጣሉ። ጥጥ ድምፅ የለውም፣ ነፋስም አያነሳም። በዓይኑ ከተከተለው ያያል።

የመቻል ቤት · መስከረም 12፣ ከቀኑ 8:00

ዛሬ ቀጠሯችን ነበር። ቀለም ድጋሚ ተደረገለት። አረንጓዴው መስመር አጥሯል፣ ግማሽ እንኳ አይሆንም። ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚውለው። የግራው ብሌን ግን ትልቅ ሆኗል፤ አትሮፒኑ ነው ብለውኛል። ፀሐይ ስለሚረብሸው በረንዳ ሥር ነው የማውለው። ባዶውን ቦታ ባለቤቴ ሳሩን አሳጨደው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው ደመራ የሚበራው። ጭሱ ይጎዳው ይሆን?

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከቀኑ 8:50

ገና ያልዳነ ቁስል ላይ ጭስ ባይጨመርበት እመርጣለሁ። በዚያ ምሽት ቤት ውስጥ አስገቡት፣ በሩን ዝጉ። ከሰልና ዕጣን ያለበት ክፍልም አይሁን። ጩኸቱና ችቦው ራሱ ውሻን ያስደነግጣል፤ ደንግጦ ሲሮጥ ነው ዓይኑን አጥር የሚወጋው።

ቀላል ቁስል በሳምንት ውስጥ ይድናል። ከሳምንት ካለፈ «መድኃኒቱ ደካማ ነው» ብላችሁ አትቀይሩ። ብዙ ጊዜ እንዳይድን የሚይዘው ነገር ቀርቶበታል ማለት ነው። ወደ ውስጥ የበቀለ ሽፋሽፍት፣ የተጠቀለለ ቆብ፣ የደረቀ ዓይን ሊሆን ይችላል። ያ ይፈለግ።

የመቻል ቤት · መስከረም 16፣ ከረፋዱ 5:20

ወገኖቼ፣ ቀለሙ ምንም አላሳየም! ድኗል። ሐኪሟ በመብራት ስታየው ፀጉር የምታክል ጠባሳ አለች፤ ማየቱን አትከለክለውም አለችኝ። ጥጡን ጣልኩለት፣ ተከትሎ በአፉ ቀለበው። የአባቴን ጠብታ ጥያለሁ። አባቴ ራሱ «ለእኔም ቢሆን የዓመት ጠብታ ምን ያደርጋል?» አለ።

ዛሬ ማታ ለደመራው ከልጄ ክፍል ነው የሚያድረው። ባልዲውን ግን እስከ መቼ ላቆየው? ግድግዳውን ሁሉ እየገጨ ነው።

ፋርማሲስቷ · ከረፋዱ 5:32

እልል! የአባትሽ ነገር ትክክል ነው። የዓይን ጠብታ ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በኋላ ለሰውም አይሆንም።

ሐኪም ከቢሾፍቱ · ከቀኑ 6:05

እንኳን ደስ አላችሁ። ባልዲው ዛሬ ማታ ይቆይ፤ ጠባሳው ሲድን ያሳክከዋል። ነገ ጠዋት አውልቂለትና ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪ። ካላሸው በቃው። መልካም የመስቀል በዓል።